የኦሲፕ ስንዴና የፕላኔቶቹ ሰልፍ

ኦሲፕ ሃላይዳ የዘር ስንዴውን በጭነት መኪናው ጭኖ ሊሸጥ ወደ ቨርባ ሲገሰግስ፣ ከኋላው ሰማዩ ጠቁሮ ይከተለው ነበር። የብርዳማው የሳስካችዋን አገር መረሬ መሬት አንዴ ከራሰ መዝሪያ ማሽን አያስገባም፤ ዘግይቶ የተዘራ ስንዴ ደግሞ ሳይበስል የመስከረም ውርጭ ያገኘዋል። ጎረቤት ሁሉ ዘርቶ ጨርሷል። የኦሲፕ ማሳ ግን ባዶ ነው። ልጁ ሚኮላ ለምኖ ለምኖ ሲሰለቸው «ዛሬ ካልዘራን ሚስቴን ይዤ ከተማ እገባለሁ» ብሎ ዕቃውን ማሰር ጀምሯል።

መንገድ ላይ የመንደሩን አስተማሪ ዳርካን በእግሯ ስትሄድ አገኛትና ዝናብ እንዳይመታት አሳፈራት። እሷም ዘወር ብላ ጭነቱን አየች።

«አባባ ኦሲፕ፣ ይሄ የዘር ስንዴ አይደል እንዴ? ወዴት ሊወስዱት ነው?»

«ልሸጠው ነዋ! በሬዲዮ የሚሰብከውን ሰውዬ አልሰማሽም? በሚመጣው ሳምንት ፕላኔቶቹ በአንድ ወገን ይሰለፋሉ። ተጋግዘው ምድርን ሲጎትቷት መሬት ይሰነጠቃል፣ በሞቃቱ በሰኔ ወር ማሳ የሚያለብስ በረዶ ይወርዳል። ለበረዶ ልዝራ?»

እውነቱን ለመናገር የሰውዬው ድምፅ ማር ነበር፤ ነገር ግን ቢሳሳት የሚራበው እሱ አይደለም።

«መሰለፉንስ ይሰለፋሉ» አለች ዳርካ። «ግን ምን ያህል የሚቀራረቡ መሰለዎት?»

«በእናንተው መጽሐፍ አይቻለሁ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተደርድረዋል።»

«ገጹ ስለማይበቃ ነው የተጠጋጉት፤ ጥፋቱ የእኛ የአስተማሪዎች ነው። ፀሐይን የቨርባን ትልቁን ክብ ጎተራ ያድርጓት። ምድር አንድ ማይል ርቃ የተቀመጠች ጥቅል ጎመን ናት። ጁፒተር ድቡልቡል የድርቆሽ ጥቅል ያህላል፤ ያለው ግን ከጎመኗ አራት ማይል አልፎ ነው። ሳተርን ስምንት ማይል ተኩል፣ ኔፕቱን ሃያ ዘጠኝ! ድርቆሽ አራት ማይል ርቆ ጎመን ሲጎትት አይተው ያውቃሉ?»

«ቀልጅ! ጨረቃ ግን ባሕሩን ታነሳዋለች ትሉ የለም?»

«ታነሳዋለች፤ ቅርብ ናታ! በዚሁ ስፍር ጨረቃ ከጎመኗ አራት እርምጃ ላይ ያለች ትንሽ ድንች ናት።»

ኦሲፕ ፍሬኑን ረገጠው። «የልጅ ልጄ የምትሆኚ ልታስተምሪኝ ነው? ውረጂልኝ!»

የመጀመሪያዋ ጠብታ መስታወቱ ላይ አረፈች። ዳርካ ግን አልወረደችም፤ በጣቷ ወደ ፊት አመለከተች። ከሜዳው ማዶ የቨርባ፣ የሊፖቭካና የአንድ ሌላ ከተማ ረጃጅም ጎተራዎች ጎን ለጎን ይታያሉ።

«እሺ እወርዳለሁ። ግን ይንገሩኝ፤ እነዚያ ሦስቱ ተጠጋግተው አይታዩም?»

«ይታያሉ። ታዲያ?»

«የቨርባው ቢወድቅ የሊፖቭካውን ይመታዋል?»

«አብደሻል? ሊፖቭካ እኮ ከቨርባ ስድስት ማይል…»

ቃሉን ሳይጨርስ ጎተራዎቹን እንደገና አያቸው። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ መንገድ እህል ሲያመላልስ ኖሯል፤ ከሩቅ ሲያዩት የተጠጋጋው ሁሉ የተነካካ እንዳልሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሰማይ ላይ ሲሆን ግን ይህ እውቀቱ ጥሎት ሄዶ ነበር። ፊቱ ቀላ፤ አፈረ። ከዚያም መሪውን ጠምዝዞ ወደ መጣበት ዞረ፣ የነዳጁን መርገጫም እስከ መጨረሻው ተጫነው።

«ዝናቡ ይቀድመን ይሆን?» አላት።

«አላውቅም፣ አባባ።»

ሲደርሱ ሚኮላ የመጨረሻውን ሻንጣ በራሱ መኪና ላይ ሲጭን አገኙት። ልጅየው ዞሮም አላያቸው።

«ሚኮላ፣ ማሽኑን አስነሳ» አለ ኦሲፕ።

«ስንዴውን ሸጠኸው የለም?»

«አልሸጥኩትም። ልሸጠው የሄድኩት ፈርቼ ነው፣ ልጄ። አባትህ በማያውቀው ነገር ፈርቶ ሊበትነን ነበር።»

ሚኮላ አባቱ ፈራሁ ሲል ሰምቶ አያውቅም። ሻንጣውን ሣሩ ላይ ጥሎ ወደ ማሽኑ ሮጠ።

ከጠብታዋ በኋላ ዝናቡ ጥቂት ሰዓት ዘገየላቸው፤ የወረደው ሁለት ሦስተኛው ማሳ ከተዘራ በኋላ ነው። የቀረው ጾሙን አደረ፤ የፍርሃት ዋጋ መሆኑ ነው። ርቀትን ለክቶ ያወቀ ሰው በሩቁ አይደነግጥም፤ ጉልበቱን ለሚደርስበት ሥራ ያውላል፣ ልጆቹንም በአጉል ወሬ አያጣም። የሰማይ ትምህርት ለገበሬ ምን ያደርጋል የሚል ካለ ኦሲፕን ይጠይቅ።

በተባለው ሳምንት ፕላኔቶቹ ተሰልፈው ታዩ፤ መሬት አልተሰነጠቀም፣ በረዶም አልወረደም። ስንዴው በቀለ፤ የሚኮላ ሚስትም የታሰሩትን ሳህኖች ፈትታ መደርደሪያው ላይ መለሰቻቸው።