የሙሽራው ሱሪና የልክ ደብተር

በጃንሆይ ጊዜ፣ ኮልፌ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስተክል የጀመርኩትን ሳቅ እስካሁን አልጨረስኩትም። ነገ የሚያገባ ጎረምሳ የሰርግ ልብሱን ሊወስድ መጣ። ኮቱ አማረበት። የሱሪው ወገብ ግን ሁለት ሰው ይይዛል፣ ቁመቱ ባቱ ላይ ቀርቷል። «ሁለተኛውን ሙሽራ የት ጥለኸው መጣህ?» አልኩት። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

በቤታችን ወትሮ የለካው ሰፊ ራሱ ይሰፋል፤ የዚህን ግን ልኩን የወሰደው ወልዴ፣ የሰፋው ጀማል ነው። «እኔ ደብተሩ ላይ ያለውን ነው የሰፋሁት!» አለ ጀማል። ደብተሩን ነጥቄ ባየው ቁጥር ብቻ! ወልዴ ቁመት አስቀድሞ ይጽፋል፣ ጀማል ደግሞ የመጀመሪያውን ቁጥር ወገብ ነው ብሎ ይቆርጣል። «ከዛሬ ጀምሮ ለሁላችሁም ወገብ ይቀድማል፣ ቁመት ይከተላል፣ በየቁጥሩ ጎን የምን ልክ እንደሆነ ይጻፋል!» ብዬ ገጹን አሰመርኩት።

«አንቺን ደግሞ ማን ፊደል አስቆጠረሽ?» አለ ወልዴ።

«ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ! እሱ እንኳ መጀመሪያ ርዕስ ይጽፋል።»

ሙሽራውን እንደገና ለክተን፣ በአዲሱ መስመር ጽፈን፣ ከሰዓት በኋላ ልኩ የሆነ ሱሪ አስረከብነው። ያንን ጉድ ሱሪ አጭሩና ቦርጫሙ ወልዴ ለቀልድ ቢለብሰው ልክክ አለለት! «ሰርጌ ላይ ለብሰኸው ካልመጣህ ወዮልህ!» አለው ሙሽራው። ለብሶት ሄደ፤ ከሙሽራው ይልቅ የታየው እሱ ነው።