ጀልባው ከወጣ በኋላ

በጃንዋሪ ብርድ፣ እዚህ በስደት ከተማችን፣ ሃቫና ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ስልካቸውን አጠገባቸው ላለ ለማያውቁት ወጣት ሰጡት።

«የኔ ልጅ፣ የአላስካን አየር አንብብልኝ። ልጄ እዚያ ዓሣ የሚያጠምድ ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው።»

«እሺ እናቴ። ዛሬ ከባድ ስቶርም፣ ማዕበል አለ ይላል። ጀልባ ባይወጣ ይሻላል ይላል።»

«ኧረ! ማታ 'ጠዋት እንወጣለን' ብሎኛል እኮ!»

«ይደውሉለታ።»

«እኔ የአሰብ ልጅ ነኝ፣ ባሕር ሲቆጣ አውቀዋለሁ። አንተው ደውልልኝ።»

ወጣቱ ደውሎ ስፒከር ላይ አደረገው።

«ሃሎ እማዬ።»

«የት ነህ?»

«ቤት ነኝ። ማታ ካወራን በኋላ ማሽን ጣቴን ቆርጦኝ ቀረሁ። ትንሽ ነው፣ አትደንግጪ።»

«ጀልባውስ?»

«ስቶርሙ ሳይመጣ እንመለሳለን ብለው ወጡ። አሁን በሬዲዮ ሲጠሯቸው አይመልሱም።»

«ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! አንተን አስቀረልኝ!»

«እማዬ፣ በእኔ ቦታ ዳዊት ነው የወጣው።»

«የትኛው ዳዊት?»

«ሩምሜቴ፣ አብሮኝ የሚኖረው። ለገና ይዤው መጥቼ ያጎረስሽው።»

ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«አሁን እኔ ምን ብዬ ነው ያመሰገንኩት?»

ወጣቱ ስልኩን ወደ እሳቸው አስጠጋው።

«እናቱ ሰምታለች?» አሉ ወደ ስልኩ።

«አልሰማችም። ማን ይንገራት?»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ አውቶቡሱን የሚያስቆመውን ገመድ ልስብ ያነሳሁትን እጄን ግን መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።