እጀታው በየት በኩል ነው?

ሄሎ… ሄሎ፣ አንቺ ነሽ? — እኔም ልደውልልሽ ስል ነው የደወልሽው። … አዎ፣ የቅርስ ኮሚቴው መጥቶ ነበር፤ ሄዱ። … አልታመምኩም። … ድምፄ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም፤ እጀታው ነው እንጂ።

— የበሩ እጀታ ነዋ! የመንገዱ በር። አንቺ አንስተሽ የላክሽላቸው፣ እነሱ ይዘውት የመጡት የድሮ ፎቶ ላይ በግራ በኩል ነው። የእኛ በር እጀታ ደግሞ በቀኝ። … እኔስ መች አየሁት! አንቺ የላክሽልኝን ስልኬ ላይ ሳየው ከርሜ፣ ሰብሳቢዋ በጣቷ ስታሳየኝ ነው ያየሁት። ያን ጊዜ ምን ዋጋ አለው?

— ምን ትላለች… መጀመሪያማ ደረጃውን፣ የእንጨት ሰገነቱን ሲያደንቁ ነበር። በኋላ «እማማ፣ ይሄ በር ተቀይሯል» አለችኝ። እማማ ማለቷ ራሱ ቅር አሰኝቶኛል፤ ከእኔ በምን ታንሳለች! … ፊት ለፊቱ የተነካካ ቤት አይመዘገብም አለች። ነገ ይወስናሉ። ካልተመዘገበ መንገድ ማስፋፊያው ይጠርገዋል። እኔማ ከአሁኑ ዕቃ በዓይኔ መጫን ጀምሬያለሁ። ቁም ሳጥኑ በየት ይወጣል እያልኩ…

— አላለቅስም። … ጉንፋን ነው አልኩሽ።

— ስሚኝ እንጂ። ከሄዱ በኋላ ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ… አትጩኺ! ወርጃለሁ፣ አልወደቅኩም! … ከቁም ሳጥኑ በላይ የተሰቀለውን ዋናውን ፎቶ አወረድኩት። ይኸው ጭኔ ላይ ነው። የአባትሽ አያት ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እጀታው በየት በኩል ነው? … በቀኝ! ልክ እንደ በሩ! … እኮ! አንድ ፎቶ እንዴት እዚህ ቀኝ፣ እነሱ ወረቀት ላይ ግራ ይሆናል? ሰው ነካክቶት ይሆን? ያ ደላላ ጎረቤታችን… እሺ፣ እሺ፣ የሰው ስም አላጠፋም።

— አንቺ እንዴት አድርገሽ ነው ያነሳሽው? … ለፎቶው ጀርባሽን ሰጥተሽ፣ እጅሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ… እሺ… ስክሪኑ እንዲታይሽ ብለሽ… በየትኛው ካሜራ? … ፊትሽን በምታነሺበት?

— ቆይ። ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። እሱ መስታወት ማለት አይደለም እንዴ? እኔ እዚያ ላይ ራሴን ሳነሳ፣ ማርያም የሳመችኝ ምልክት ወደ ሌላኛው ጉንጬ ይዞር የለ? … ከዘራውስ? ያንቺ ላይ ከዘራው በየትኛው እጃቸው ነው? … አየሽ! እዚህ በቀኝ ነው! ሽማግሌውን ግራኝ አድርገሽ ቤታችንን ልታስፈርሺው! … አትሳቂ! … እኔ አልሳቅኩም። … እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ።

— ቆይማ፣ በር ተንኳኳ። በዚህ ምሽት መቼም ደህና ነገር አይመጣም። አትዝጊው፤ ከጮህኩ ጎረቤት ጋ ደውዪ። — ማነው? … ማን? — አርክቴክቱ ናቸው፣ ከኮሚቴው። ሌላው ሲያወራ ዝም ብለው በሩን ሲዳስሱ የነበሩት። — ይግቡ፣ ይግቡ ወንድሜ። ልጄ ናት ስልኩ ላይ።

— ሰማሽ? እሳቸውንም አላስቀምጥ ብሏቸው ነው የተመለሱት። እጀታው ከዞረ ማጠፊያውም መዞር አለበት፤ ታዲያ የድሮው ማጠፊያ የሚስማር ቀዳዳ ከመቃኑ ላይ የት ጠፋ? ነው የሚሉት። … ምንም ቀዳዳ የለማ! በባትሪ እያዩት ነው። — ወንድሜ፣ ዋናውን ፎቶ ይመልከቱ፣ ይኸው። ልጅቷ በፊት ካሜራ አንስታው ነው። … በፊት ካሜራ! የራሷን መልክ በምታነሳበት! — ግንባራቸውን መቱ። … ይስቃሉ እንጂ አልተቆጡም። አሁን ራሳቸው እያነሱት ነው፤ በኋላው ካሜራ።

— ምን አሉኝ? … የዚህ በር ቁልፍ? — ቁልፉን ይጠይቃሉ። ሰብሳቢዋ ነገ ደግሞ «በሩ ከሌላ ቤት የመጣ ቢሆንስ» ማለቷ አይቀርም አሉ። የቁልፉ ምላስ መቃኑ ውስጥ ልክክ ብሎ ከገባ ግን፣ በሩና መቃኑ አብረው የተሠሩ ናቸው። … ቁልፉማ አለ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ግን ቆልፌበት አላውቅም፤ በመቀርቀሪያ ነው የምዘጋው። … እሳት ቢነሳና ቁልፉ አልዞር ቢለኝስ ብዬ ነዋ! … ሳቂ፣ ሳቂ። አንቺ ምን አለብሽ።

— ውስጡ ቢሰበርስ ወንድሜ? … እሺ። — ቀስ ብለው ያዙሩት አሉኝ። እሳቸው ውጭ ወጥተው ሊገፉት ነው። ስልኩን በትከሻዬ ይዤዋለሁ፣ ትሰሚኛለሽ? … ገባ። … አይዞርም። አላልኩሽም! … ምን? ወደ ላይ ላንሳው? … በሩን ትንሽ ቀና ያድርጉት ነው የሚሉት… እስቲ… በስመ አብ…

— ሰማሽ? ቀጭ አለ! ተቆለፈ! — ይግፉት! ጠንከር አድርገው ይግፉት እንጂ! … ንቅንቅ አልል አለ፣ ልጄ። «የራሱ ነው! የራሱ በር ነው!» እያሉ ይጮሃሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማቸው። ነገ ለሰብሳቢዋ እኔ ራሴ እነግራታለሁ አሉ።

— ደህና ይደሩ! … አይ፣ አልከፍተውም፣ በዚያው ይሂዱ! እግዜር ይስጥልኝ!

— ልጄ… ጠዋት ባይከፈትስ? … እሱስ እውነትሽን ነው። ባይከፈትም ቤቱ አለ፤ በመስኮት እወጣለሁ። … እሺ። ደህና እደሪ የኔ እናት። … ቻው… ቻው።