ቢጫ ወረቀት የተለጠፈበት ቁም ሳጥን

— ሄሎ፣ ጉንቮር ነኝ… ሄሎ?… ስታፋን! እንደምን አደርክ ልጄ። ከጎተንበርግ ነው የምትደውለው?

— ኧረ አልረበሽከኝም። የጨረታ ቤቱ ሰው መጥተዋል፣ አቶ ኤክሉንድ። ነጭ ወረቀት የለጠፍኩባቸውን ዕቃዎች እየጫኑ ነው።

— ቅዳሜ?… አትመጣም… ገባኝ። ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል።… አይ፣ አላዘንኩም። ማለቴ፣ ትንሽ አዝኛለሁ። ብትመጣም ባትመጣም ማክሰኞ ወደ አረጋውያኑ ቤት እገባለሁ።

— እንዲያውም ልጠይቅህ ነበር። ቁም ሳጥኑን መቼ ነው የምትወስደው?… የአባትህን ነዋ! በሮቹ ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ካለው እንጨት የተቆረጠ ሥዕል የተለጠፈበትን።… እንዴት «ለምን እኔ»? ስምህ ተጽፎበታል እኮ።

— ቆይ ስማኝ። ልጄ ላይ ኮተት ጥዬ አልሙት ብዬ፣ ላንተ የሚሆነው ላይ ቢጫ፣ ለጨረታው ነጭ ወረቀት ለጥፌ አልነበር? በሰኔው የበጋ በዓል መጣህ። አንድ ቃል ሳትናገር ቢጫውን እየላጥክ ነጭ ለጠፍክበት። የግድግዳ ሰዓቱን፣ የአያቴን ወንበሮች፣ ሁሉንም። የወሰድከው የአባትህን መሰርሰሪያ ብቻ ነው። እኔም ዓሣና ድንቹን አቀረብኩ። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ግን አልነካኸውም። መኪናህ ገና ከመታጠፉ ሮጬ አየሁት፤ ቢጫው እንዳለ ነው። «ይኼን እንኳ ይፈልገዋል» ብዬ… ይኸው እስከ ዛሬ ደስ ሲለኝ ከረመ።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?… አላየኸውም።… መጋረጃው ሸፍኖት ነበር… አዎ፣ በጎኑ ነው የለጠፍኩት። ሥዕሉ ላይ ማጣበቂያ ይደረጋል እንዴ?

— አቶ ኤክሉንድ፣ እሱን ገና አይንኩት! እየተነጋገርን ነው።

— ትልቅ መሆኑን አውቃለሁ። ዛሬ ማንም እንደማይፈልገውም አቶ ኤክሉንድ ነግረውኛል፤ ሰው ነጭ የተቀባ ዕቃ ነው አሉ የሚወደው።… ውሻው ትዝ ይልሃል? በግራው በር ሥዕል ላይ፣ ከሴትዮዋ እግር ሥር የተኛው። አምስት ዓመት ሲሆንህ ጆሮውን በጥፍርህ ፈልቅቀህ ጣልከው። አባትህ ከአፕል እንጨት አዲስ ጆሮ ቆርጦ ለጠፈለት፤ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። አንዴም አልተቆጣህ።… ረሳኸው? ይሁን። የውጩን ሥዕል ፀሐይ በልቶታል እንጂ በሩን ስትከፍተው በውስጥ በኩል ባለው ሥዕል ሣሩ ዛሬም አረንጓዴ ነው። ጠዋት ጠዋት አቧራውን ስጠርግ ሴትዮዋንና ውሻውን አወራቸዋለሁ።… አላበድኩም፣ መልስ እንደማይሰጡኝ አውቃለሁ።

— ወደ አዲሱ ክፍሌ?… ለክተናል። ትርፍ ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ወይ ቁም ሳጥኑ፣ ወይ ያ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆነው ሶፋ።… አዎ፣ ሶፋውን ነው የመረጥኩት። ለእናንተ ብዬ ነዋ! ስትመጡ የት ታድራላችሁ?

— «ሶፋው ይሻላል» ትላለህ… እ… እንመጣለን ትላለህ።

— ስታፋን፣ እውነቱን ንገረኝ። እዚያ ሶፋ ላይ መጨረሻ ያደርከው መቼ ነው?… አስብ፣ እኔ አልቸኩልም።… አይ፣ በሰኔው በዓልማ ሳይመሽ ተመልሰሃል። ገና ላይ ሚስትህን ወገቧን ያማታል ብለህ ሆቴል ነው ያደራችሁት።… እኔ ልንገርህ፤ አባትህን የቀበርን ዕለት ነው። ስድስት ዓመት አለፈው። በየፋሲካው አንሶላ አነጥፋለሁ፣ በየፋሲካው ማንም ያልተኛበትን አንሶላ አጥባለሁ።

— እያለቀስኩ አይደለም… አዎ፣ ትንሽ። ቆይ፣ አትዝጋው።

— አቶ ኤክሉንድ… ሶፋውን ይውሰዱልኝ።… አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት። ቁም ሳጥኑ ከኔ ጋር ይሄዳል።

— አለሁ፣ አለሁ።… አልተቆጣሁም ልጄ። ስትመጡ ወንበር አለ፣ ትቀመጣላችሁ። የሚያድር ሰው ግን የለኝም። ይኼን ለራሴም ገና ዛሬ ነው የነገርኩት።

— እሺ።… እሺ፣ ሰላም በልልኝ። በል ልዝጋው፤ ሶፋው አልወጣ ብሏቸዋል፣ ሄጄ በሩን ልያዝላቸው።