ክዳኑን ሳይከፍቱ የማያምኑት ኢንጂነር ዳምጠው ወልደ ሰንበት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ የኢንጂነር ዳምጠው ወልደ ሰንበት አስከሬን ዛሬ ማምሻውን ወደ አገር ቤት ከመሸኘቱ በፊት፣ እዚህ ሪያድ በኖሩበት ቤት ተሰብስበን የሕይወታቸውን ታሪክ እንድንሰማ ቤተሰባቸው ፈቅዷል። ሟቹ ሲበዛ የሚሞገስ ሰው ያጠራጥራቸው ስለነበር፣ ይህ ጽሑፍ እሳቸው ቢሰሙት በሚታገሡት ልክ የተጻፈ ነው።

ኢንጂነር ዳምጠው ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሰንበት ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺሐረግ አበጋዝ በ1949 ዓ.ም. በይርጋ ዓለም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የነጋዴዎችን ሚዛን የሚመረምሩ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ልጃቸው ዕቃን ከማመን በፊት ማገላበጥን ከቤት ተማሩ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ አዲስ አበባ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ አጠኑ፤ ከዚያም በአውሮፕላን መገናኛ መሣሪያዎች ጥገና ሠልጥነው ለብዙ ዓመታት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. በዚያው ሙያ ተቀጥረው ወደ ሪያድ መጡ። በ1979 ዓ.ም. ካገቧቸው ከወይዘሮ ዙፋን ታምሩ ጋር ፌቨንንና ሳሙኤልን አፍርተው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ኢንጂነሩን ከሥራቸው ይልቅ ያስታወቃቸው ግን አሮጌ የአማተር ሬዲዮ መሰብሰባቸው ነው። ከሩቅ አገር ካለ ባልንጀራ ጋር በግል ለመነጋገር የተሠሩትን እነዚያን ባለ ቫልቭ ከባድ ሣጥኖች፣ ዓርብ ዓርብ ከከተማው በስተ ደቡብ ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከሐራጁ እየለቀሙ ያመጡ ነበር። ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ ጣጣ እንደሚያመጣ ስለሚያውቁ መናገሪያውን ነቅለው ይቆልፉበታል፤ ሥራቸው መስማት ብቻ ነበር። ሆኖም በሰገነቱ ላይ የዘረጉትን ሽቦ ያየ ጎረቤት ለከፊላቸው፣ ማለት ለዋስ አሠሪያቸው፣ ነግሮባቸው፣ ከፊሉ ቤት ድረስ መጥተው «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ብለው ጠይቀዋቸዋል። «እኔ ሰሚ ነኝ፤ የሚያወሩትን እነሱን ጠይቋቸው» ብለው ነበር የመለሱላቸው። በማግስቱ ወይዘሮ ዙፋን ሽቦው ላይ አንሶላ አሰጡበት፤ ጥያቄውም በዚያው ቀረ።

በሐራጁ ኢንጂነሩን የማያውቅ ነጋዴ አልነበረም። ሬዲዮው የሚያብረቀርቅ ከሆነ ወደ ኋላ ይላሉ፤ ክዳኑን አስከፍተው ትራንስፎርመሩን ያሸታሉ፤ ውስጡ አቧራ የጠገበ ከሆነ ደስ ይላቸዋል፤ አዲስ ብየዳ ካዩ ግን ፊታቸው ይለወጣል። ሰሚር የሚባለው ሻጭ «ወላሂ ከአምባሳደር ቤት ነው የወጣው» ቢላቸው፣ «ቀለሙንም አምባሳደሩ ናቸው የቀቡት? ገና አልደረቀም እኮ» ብለው ገበያተኛውን አስቀውበታል። ወይዘሮ ዙፋንም «እኔን ስታጨኝ እንዲህ አገላብጠህ ብታየኝ ኖሮ አባቴ በዱላ ያባርሩህ ነበር» ይሏቸው ነበር።

ብዙ ዘመን ተዘግቶ የኖረን ሬዲዮ በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት ለእሳቸው ነውር ነበር። ኮንደንሰር የሚባለው ክፍሉ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል፣ በመሐል አንድ ተራ አምፖል አስገብተው ነበር የሚያስነሱት፤ አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ሬዲዮው ውስጥ ብልሽት አለ ማለት ነው፤ በርቶ ከደበዘዘ ይታመናል። ይህን ሥርዓት የጣሱት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የጣሱትም ስለ አቶ በሽር ሲሉ ነው።

አቶ በሽር ከወሎ መጥተው ሹመይሲ አካባቢ በአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆነው የሚሠሩ፣ እንደ ኢንጂነሩ ሬዲዮ የሚወዱና ዓርብን ከእሳቸው ጋር በሐራጁ የሚያሳልፉ ወዳጅ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. አቶ በሽር፣ ኢንጂነሩ ለዓመታት ሲፈልጉት የነበረ አንድ የአሜሪካ ሬዲዮ አገኙ፤ ባልንጀራቸው አገር ቤት ለዕረፍት ሄደው ስለነበር ገዝተው ጠገኑት፤ በራሳቸው ቤት አስነሥተው ሰምተውት፣ ሲመለሱ ስጦታ አድርገው አመጡላቸው። «ወንድሜ፣ እኔ አስነስቼዋለሁ፤ አምፖልህን ተወው» አሏቸው። ኢንጂነር ዳምጠውም የሰው ቃል አምነው፣ የአሜሪካ ዕቃ ሁልጊዜ በሚሰኩበት በሳሎኑ የመቶ አሥር ቮልት ሶኬት ላይ ሰኩት፤ ሬዲዮው አጉረመረመ፣ ጨሰ፣ ተቃጠለ።

ክዳኑን ሲከፍቱ አዲስ ብየዳ አዩ። ከዚያ በኋላ የሚያሳምናቸው አልተገኘም፤ አቶ በሽር ዋናውን ትራንስፎርመር ነቅለው በርካሽ እንደተኩት ቆጠሩ፤ ይህንኑም ለባልንጀራቸው ፊት ለፊት ነገሯቸው። አቶ በሽር ጫማቸውን እያጠለቁ «ዳምጠው፣ ሬዲዮውን ፈትሽ፤ እኔን አትፈትሽ» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ፋሲካም ኢድም ሲመጣ ስልክ የሚደውል ጠፋ፤ በሐራጁም ሲገናኙ አንዱ ሌላውን እንዳላየ ሆኖ ያልፍ ጀመር።

ዓመታት አልፈው ኢንጂነሩ ራሳቸው ፈትተው የገጣጠሙትን፣ ደህንነቱን የሚያውቁትን ሌላ ሬዲዮ ከቃጠሎው ወዲህ ባልነኩት በዚያው ሶኬት ሰኩት፤ ያም ጨሰ። ይህን ጊዜ የሚጠረጥሩት ሰው አጡ። ቴስተራቸውን አምጥተው ግድግዳውን ለኩ፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነበር። በዚህ ከተማ የቆዩ ቤቶች ሁለት ዓይነት መብራት እንደነበራቸው ታስታውሳላችሁ፤ አከራዩ እነ ኢንጂነሩ በዚያ በ2009 ለዕረፍት በሄዱበት ወራት የቤቱን መስመር በሙሉ ወደ ሁለት መቶ ሃያ አዛውረው፣ የሶኬቱን ፊት ሳይቀይሩ ትተውት ኖሯል። ሪያድ ውስጥ ያልመረመሩት ዕቃ የሌለ ሰው፣ የተደገፉትን ግድግዳ አልመረመሩም ነበር።

እውነቱን ካወቁ በኋላም ወዲያው አልሄዱም። በሽር ይስቅብኛል፣ ሰው ሰብስቦ ያወራብኛል ብለው ይቅርታውን እንኳ ተጠራጠሩት። ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው አልጋ ሲይዙ ግን እንቅልፍ የነሳቸው ሕመሙ ሳይሆን ይኸው ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ እንዳይሄዱ ሰጉ። ወይዘሮ ዙፋን ደውለው ሲጠሯቸው አቶ በሽር «አሁን ደግሞ ምን ጠፋበት?» ብለው ቢዘገዩም፣ በሦስተኛው ቀን መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ኢንጂነሩም «በሽር፣ ግድግዳው ነው» አሏቸው።

አቶ በሽር ነገሩን ሰምተው ሶኬቱን ጎንበስ ብለው አዩት። «ለግድግዳ ጠበቃ ቆመህ እኔ ላይ ፈረድክ» አሉ። ኢንጂነሩ ሲያለቅሱ ግን ትራሳቸውን እያስተካከሉ «ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን ተኛ» አሏቸው፤ ከዚያም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጋቸው አጠገብ አልጠፉም። ኢንጂነሩ በመጨረሻ ወራቸው ለሳሙኤል የነገሩት ትምህርት ይህ ነው፦ ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የራስህን እጅ፣ ቀጥሎ የራስህን ቤት ለካ፤ ሰው ላይ የምትደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሬዲዮዎቹን በተመለከተ፣ ከትናንት ጀምሮ «ለመታሰቢያ አንዷን ብቻ» እያሉ የሚደውሉና እያለቀሱ መደርደሪያውን የሚያዩ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች፣ የመደርደሪያው ቁልፍ በሟቹ ኑዛዜ በአቶ በሽር እጅ መሆኑን ቤተሰቡ ያሳውቃል።

ኢንጂነር ዳምጠው በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዙፋን፣ ልጆቻቸው ፌቨንና ሳሙኤል፣ የልጅ ልጃቸው ብሌን፣ እህታቸው ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ እና ወንድማቸው አቶ በሽር በሐዘን ላይ ናቸው። የመጨረሻውን ስም ያየ አንድ ዘመድ የጽሕፈት ስሕተት መስሎት ሊሰርዘው እስክሪብቶ አንሥቶ ነበር፤ እንዳይሰረዝ ያዘዙት ሟቹ ናቸው።

የልብን ስውር ያለ ክዳን የሚያይ አምላክ፣ በምሕረቱ ተቀብሎ ነፍሳቸውን ጥርጣሬ በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።