በክብሪት ቀፎ ያመጣሁት

ጠላው ሞቅ ሳያደርገን እኔ እናኑ፣ የካርድ ክፍሏ፣ ልናገር። የጤና ጣቢያችን ድሬሰር አያ አለነ ከዛሬ ጀምሮ ጡረተኛ ናቸው፤ ሊቆጡን አይችሉም፤ አርፈው ይስሙ።

በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ማክሰኝት ሲመጡ የገበያ ቀን ነበር። ከጎንደር በመጣ ማኪና ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ወረዱ። ሴቶቹ አዘንን። «አያ፣ ልጁ ምን ሆኖ ነው?» አልናቸው። «ልጅ አይደለም፣ ማይክሮስኮፕ ነው» አሉ። «ስሙስ ሸጋ ነው፤ እናቱ የታለች?» አለች አንዷ።

ሰላምታም አያውቁም። እኛ «እንዴት አደሩ?» ስንል እሳቸው «የልጆቹ ሆድ እንዴት አደረ?» ይላሉ። አንድ እሑድ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ መስቀል ሲያሳልሟቸው፣ በምእመናኑ ፊት፣ «አባታችን፣ የልጅዎ ወስፋት ወጣ ወይ?» ብለዋቸዋል። ቄሱ እስከ ፋሲካ አኩርፈዋል።

የእኔንም ጉድ እኔው ላውጣው። ያኔ እዚህ አልሠራም ነበር። ጽጌሬዳዬን በሁለት ዓመቷ ተቅማጥ ያዛት። አያ አለነ «ነገ ዓይነ ምድሯን በክብሪት ቀፎ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ባየው ውሃ ነው፤ ለሰው የሚታይ አይደለም። አፈርኩ። የጎረቤቴ የሐረገወይን ልጅ ግን ጤነኛ ነው፤ የእሱ ሸጋ ነው፤ የእሱን ወሰድኩ።

በማይክሮስኮፑ አይተው «ይቺ ልጅ ከእኔም ትሻላለች» አሉ። ቀና ሲሉ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ አዩ፤ ዓይኗ ጎድጉዷል።

«የማን ነው ይኼ?»

ተናዘዝኩ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ «ውሃ ታጠጫታለሽ?» አሉኝ።

«ምነው አያ፣ እየፈሰሰባት ልጨምርባት?»

ሳቃቸውን ተዉት። ውሃ አፍልተው አቀዘቀዙ፤ ስኳርና ቁንጥጫ ጨው ጨመሩበት፤ ምሳቸውን ሳይበሉ ከጠዋት እስከ ሠርክ በማንኪያ አጠጧት። ሲመሽ ነጩ ጋዋናቸው ላይ ሸናችባቸው። «ተመስገን» አሉ። እንደ ረጠቡ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ላገኙት ሁሉ «ሸናች እኮ» ይሉ ነበር።

በኋላ እዚሁ ተቀጠርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ቀፎ ይዛ የመጣችውን እናት ሁሉ «የራስሽ ልጅ ነው ወይስ የጎረቤት?» ስል እውላለሁ።

አያ አለነ፣ ከጽጌሬዳ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። ሁለቱንም ውሃ ከልክዬ። ይህን የተረዳሁት ያን ቀን ነው። እርስዎም ያውቁ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት ያንሰኛል።

ጽጌሬዳ ያቻት፤ በጥር ትዳራለች። አባቷ በሕይወት የለም፤ አባት ሆነው የሚድሩልኝ እርስዎ ነዎት። እምቢ ካሉ የጡረታ ወረቀትዎ ካርድ ክፍል ተቆልፎበት ይቀራል።

በሉ ዋንጫችሁን አንሱ። አያ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ፤ እጅዎ ያተረፋቸው ልጆች ወልደው ያሳዩዎ። እኔም የሙሽራ እናት ልባል ነው፤ በእርስዎ ነው። ለአያ አለነ እንጠጣ።