አስተርጓሚው የዋጡት ቃል

የደም ግፊት መድኃኒቴን ለማውጣት ሆስፒታል በሄድኩበት ጠዋት፣ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎረቤቴን አፈጉባኤን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አፈጉባኤ የሰፈር ቅጽል ስማቸው ነው። መስማት ለተሳናቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ በምልክት ቋንቋ ሲያስተረጉሙ ያረጁ ሰው ስለሆኑ፣ አፍ ለሌለው ሁሉ አፍ ናቸው ብለን ያወጣንላቸው ስም ነው። የኮታቸውን ቁልፍ ሳይቆልፉ ከቤት የማይወጡ፣ ቁጥብና ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። ያን ዕለት ግን ኮታቸው ተከፍቶ፣ የጫማቸው ክር ተፈትቶ ነበር።

«ምነው፣ በደኅና?» አልኳቸው።

«ከተማሪዎቼ አንዱ ታሞብኝ ነው። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ተርፏል፣ ይመስገን።»

«ምኑን አሞት?»

«ሆዱን» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

«ሆዱን አይደለም፣ ጋሼ» አለች ግድግዳውን ተደግፋ የቆመች ወጣት። የልጁ ታላቅ እህት ናት። እናትና አባት ስለሌላቸው ያሳደገችውም እሷ ናት ማለት ይቻላል። በሌላ ከተማ የጤና ኮሌጅ ተማሪ ስትሆን፣ ወሬው ደርሷት ገና ከአውቶቡስ መውረዷ ነበር። «የዘር ፍሬውን ነው ያመመው። አንዱን ቆርጠው አውጥተውታል።»

ሽማግሌው ሰው ሰምቶ እንደሆነ ብለው መተላለፊያውን ግራና ቀኝ ቃኙ። ወለል ከምትወለውል አንዲት ሴት በቀር ማንም አልነበረም።

ነገሩን ከሁለቱም እየለቃቀምኩ ገጣጠምኩት። ልጁ በማለዳ ድንገተኛ ሕመም ቀስቅሶት፣ ወገቡን አጉብጦ አስተርጓሚው ዘንድ ይመጣል። የሚያመውን ቦታ በጣቱ ያሳያል። እሳቸው እጁን መታ አድርገው «ነውር ነው» ይሉታል። ልበ ደንዳና ግን አይደሉምና ወዲያው ይዘውት ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ሴት ሆና ጠበቀቻቸው። ያን ቃል በሴት ልጅ ፊት ማውጣት አቃታቸው። «ሆዱን ነው» አሉ። ልጁ ያስመልሰው ስለነበር ሐኪሟም አመነች፤ የሆድ መድኃኒት ሰጥታ ሸኘቻቸው። ለካ የዘር ፍሬው ተጠማዞ ደም ተቋርጦበት ኖሯል። እንዲህ ያለው ሕመም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከተደረሰበት ይድናል። በማግስቱ ልጁ ራሱን ስቶ ወደዚህ ሲመጣ ጊዜው አልፎ ነበር።

ሁለቱን ያጣላቸው ግን ያለፈው ብቻ አልነበረም። ልጁ ነቅቶ ምን እንደተደረገ እየጠየቀ ነው። አፈጉባኤ «ትርፍ አንጀት ነው» ሊሉት ተነስተዋል፤ እህቱ ደግሞ አይሆንም ብላ በሩ ላይ ቆማለች።

«ልጄ፣ ስሚኝ» አሉ ረጋ ብለው። «ገና ለጋ ነው። አሁን ቢያውቅ ሐዘን ነው የሚተርፈው። ሲያድግ ራሱ ይደርስበታል።»

«ሲያድግ የሚሉት እኮ ነገ ገላውን ሲታጠብ ነው።»

«እሺ፣ በምን ቃል ልንገረው? ለዚያ ቦታ ምልክት የለንም።»

«ለምን የለንም?»

«አላስተማርናቸውማ።»

«ማን ነው ያላስተማራቸው?» አለች። «አንድ ጊዜ ወንድሜን ልጠይቅ መጥቼ ከክፍሉ ኋላ ቆሜ አይቼዎታለሁ፣ ጋሼ። አንዲት ነርስ ስለ ጉርምስና ልታስተምር መጥታ ነበር። እሷ ስለ ወር አበባ ስትናገር እርስዎ በእጅዎ ‹ትምህርታችሁን አጥኑ› ይላሉ። ስለ ወንዶቹ ሰውነት ስትናገር ‹ጥርሳችሁን ቦርሹ› ይላሉ። ልጆቹ ይቺ ሴትዮ ጥርስ ቦርሹ ለማለት ይህን ያህል ምን አደከማት ብለው ይተያዩ ነበር።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ወዲያው ግን ነገሩን አሰብኩት። ስንትና ስንት ዓመት፣ ስንት ክፍል ሙሉ ልጅ ጥርስ ቦርሹ ተብሎ ተሸኝቷል?

«እንዲባልጉብኝ አልፈለግሁም» አሉ። «ካወቁ ይሞክራሉ። ዐይን መግለጥ ነው። እኛን ማን አስተማረን? ይኸው አድገናል።»

«አድገናል የሚሉት ያደጉት ናቸው። ያላደጉት መጥተው አይናገሩም። ዐይን መግለጥ ላሉት ደግሞ፣ እያንዳንዱ ልጅ ኪሱ ውስጥ ስልክ አለ፤ እዚያ የሚያየው ነገር አስተርጓሚ አይፈልግም። የቀረበት ትክክለኛው ትምህርት ብቻ ነው። ሰውነቱ ለምን እንደሚለወጥ፣ በሽታ በምን እንደሚተላለፍና በምን እንደሚከላከለው፣ እምቢ ማለት እንደሚችል፣ እምቢ ያለችውንም መተው እንዳለበት ማን ይንገረው? ሴቶቹ ደም ሲያዩ የሚሞቱ መስሏቸው ጨርቁን ፍራሽ ሥር ይደብቃሉ። ክፉ ሰው ቢነካቸውስ በምን ቃል ይክሰሱት? ሆዴን ነካኝ ይበሉ?»

እኔ በመሐላቸው ተቀምጬ ስንት የተከበረ ሰው እንዲህ አድርጎ በጨዋነት ልጅ እንደሚጎዳ አሰብኩ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ መፍረዱ በቀለለኝ። እኚህ ሰው ግን ልጆቹን እንደ ራሳቸው ልጆች ነበር የሚወዷቸው፤ በበዓል ቀን እንኳ ጥለዋቸው ቤታቸው አይውሉም።

«ክፋት አስቤ አይደለም» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ጤና ጣቢያው ውስጥ እርስዎ ለሐኪሟ ሲናገሩ ወንድሜ ምን ያደርግ ነበር?»

አፈጉባኤ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱና መልሰው ጭናቸው ላይ ጣሉት።

«ከንፈሬን ያይ ነበር። ሐኪሟ ራሷን ስትነቀንቅለት ፊቱ ፈካ። የነገርኩለት መስሎታል። ስንወጣ እጇን ጨብጦ አመሰገናት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እኔንም አመሰገነኝ።»

ይህን ተናግረው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ልጅቷም አላባበለቻቸውም። ከእሷ የሚጠበቅ አልመሰለኝም፤ እኔም ያን ጊዜ አላዘንኩላቸውም።

«እኔ ልነግረው እችላለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን ቃሉን የዋጡት እርስዎ ነዎት። እርስዎው ያውጡት።»

ተነሱ። «አትለየኝ» ብለው እጄን ያዙና ሦስታችንም ገባን። ልጁ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ደርቋል። እጆቻቸው የሚናገሩትን እህቱ በሹክሹክታ ትተረጉምልኝ ነበር።

«ሁለት ነበሩህ» አሉት ሽማግሌው፣ ቦታውን ያለ ማፈር እያመለከቱ። «አንዱ ተጠማዞ ሞተ። ሐኪሙ አወጣው። ሁለተኛው ጤነኛ ነው፤ እሱም እንዳይጠማዘዝ በስፌት ይዞታል።»

ልጁ እጆቹን አነሳ። «አሁን እኔ ምንድን ነኝ? ወንድ አይደለሁም?»

«ወንድ ነህ። ጢም ታወጣለህ፣ ትጎለምሳለህ። አንዱ ይበቃል፤ ስትፈልግ ልጅ ትወልዳለህ። ደግሞ ማን እንደሆንክ የምታውቀው በልብህና በራስህ ነው። ቢላ እዚያ አይደርስም።»

እውነቱን ለመናገር፣ እህቱ በዚህ ጊዜ እንባዋ ወረደ። እኔም እፎይ አልኩ፤ ክፉው ያለፈ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረው።

«ያን ቀን ለሐኪሟ ቦታውን ነግረዋት ነበር?»

ሽማግሌው እህቱን አዩ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። እኔን አዩ። ከዚያ እጃቸው ተንቀሳቀሰ።

«አልነገርኳትም። አፍሬ ነው። ሆዱን ነው አልኳት።»

ልጁ ዐይኖቹን ጨፈነ። መስማት የተሳነው ሰው ዐይኑን ከጨፈነ ምንም ቢሉት አይደርሰውም። የአፈጉባኤ እጆች ጥቂት ጊዜ ይቅርታ ሲለምኑ ቆዩና አየር ላይ ቀሩ።

አፈጉባኤ ከሆስፒታል የሄዱት በቀጥታ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ነበር። እህቱ መስማት ከተሳናቸው አዋቂዎች የለቀመቻቸውን ምልክቶች በእረፍቷ ወራት ለእሳቸውም ሴት ልጆቹን ለምታስተምረው መምህርትም አስጠናቻቸው፤ ነርሷ የምትለው ሁሉ ሳይቀነስ እንዲተረጎም ተስማሙ። በመጀመሪያው ቀን ወንዶቹ ተጠቃቅሰው ሳቁ፤ ትንሽ ቆይተው ጥያቄ ማቆሚያ አጣ። ልጃገረዶቹ ጨርቅ መደበቅ ትተው ንጽሕና መጠበቂያ በግልጽ መጠየቅ ጀመሩ። አንደኛው ልጅ ሽንቱን ሲሸና እንደሚያቃጥለው ሳይፈራ ተናግሮ በጊዜ ታከመ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ሌላ ልጅ ያንኑ ድንገተኛ ሕመም ሲያመው የቦታውን ስም ጠርቶ ነገራቸው። አፈጉባኤ ታክሲ አስቁመው ከነፉ፣ በሆስፒታሉ በር ላይም ሕዝብ እየሰማቸው «የዘር ፍሬው ነው፣ ፍጠኑ» ብለው ጮኹ። ልጁ ሙሉ ሆኖ ተመለሰ።

ማወቅ ልጅን አያባልግም ለማለት ከዚህ ሌላ ምስክር አልጠራም። ያ የመጀመሪያው ልጅም ጤነኛ ነው፤ ቁመቱ እሳቸውን አልፏል፣ ጢሙም አቀምቅሟል። በዚያ ትምህርት ሰዓት ከፊት ወንበር ተቀምጦ ከዚያ ወዲህ በለመደው የከንፈር ንባብ ነርሷን ይከታተላል፤ ያልገባውን ከጓደኛው ይጠይቃል። ወደ አስተርጓሚው እጅ ግን አያይም።